አሮጌውን ለምን መረጥሽ?

ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ከግድግዳው የተነቀለ ሶኬት ነው። ሽቦው ተንጠልጥሏል። ታዲያ ኮምፒዩተሬን የት ልሰካው ነው ብዬ አሰብኩ። ኮምፒዩተሩን ታይዋን ገበያ መውጫ ላይ ፖሊሶች ከእጄ ተቀብለው፣ እኔን ሌላ መኪና ላይ ጭነውኝ ነበር። ሐሳቤ ገና አልደረሰም ነበር መሰለኝ።

ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል። ፍራሹ ላይ አንዲት ጫት ነጋዴ ሴትዮ ተቀምጣለች። ኤዶ አልኳት፣ ሰፈራችን ያሉ ሶማሌዎች አክስታቸውን እንደሚጠሩት። ቦታ ለቀቀችልኝ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፣ ትሁትም ነው፤ ውሃ ሰጠኝ። ስልኬን ከፍቶ ለአለቃዬ የላክሁትን አነበበልኝ፦ «መሣሪያውን የሚቆጣጠረውን አግኝቻለሁ። አሮጌ ነው፣ ግን አያስትም።»

ማን ነው እሱ አለኝ። ኮምፒዩተር ነው አልኩት። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ጭራሽ ፊቱ ጠቆረ።

አስረዳሁት። መጋላ ሰፈር ውስጥ በር የምንሠራበት ቤት አለ። አለቃዬ እንጨት ላይ አበባ የሚቀርጽ ማሽን አስመጣ፣ ማሽኑ ደግሞ የሚታዘዘው በኮምፒዩተር ነው። አሥራ ሁለተኛን ስለጨረስኩ ኮምፒዩተር መምረጡ የኔ ሥራ ሆነ። ላፕቶፕ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ያንቀላፋል፤ ትእዛዙ ትንሽ ከዘገየ ሞተሩ ይስታል፣ አበባው ይጣመማል። ስለዚህ ድሮ ፕሪንተር ይሰካበት የነበረው ሰፊ ቀዳዳ ያለው ዴስክቶፕ ፈለግሁ። ሳወራ እጄ አያርፍም፤ አለቃዬ ዝንብ ታባርሪያለሽ ይለኛል። መርማሪው የሚያየው እጄን ነበር።

«አዲስ ሞልቶ አሮጌውን ለምን መረጥሽ?» አለ።

«ነገርኩህ እኮ።»

«አዲሱ ኢንተርኔት ላይ ይታያል። አሮጌው አይታይም። ያልነገርሽኝ ይሄን ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ለአፍታ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ።

ስመለስ ኤዶ ምን ይዘሽ ተያዝሽ አለችኝ። የመሣሪያ መቆጣጠሪያ አልኳት። ወደ ግድግዳው ፈቀቅ አለች። ስንት ሰው ጨረስሽበት ስትል፣ ኧረ እንጨት ነው የሚቆርጠው አልኩ። ሻሿ እስኪወልቅ ሳቀች።

«አቦ፣ አንቺ ልጅ፣ ታዲያ እንጨቱ የታለ? አፍሽ ላይ የለም እኮ።»

ያኔ ገባኝ። በእኛ ቤት ከመዶሻ ጀምሮ ሁሉም መሣሪያ ነው። በእነሱ ቤት መሣሪያ አንድ ነገር ብቻ ነው።

በማግስቱ መርማሪው የተጻፈ ቃል አቀረበልኝ። የመሣሪያ መቆጣጠሪያ የገዛሁት በአለቃዬ ትእዛዝ ነው ይላል። ከፈረምሽ ዛሬ ቤትሽ ታድሪያለሽ አለኝ። አለቃዬ የት እንደሚያድር አልነገረኝም፤ ሳይነግረኝም ገባኝ። ያደናገረኝ ግን ወረቀቱ ላይ ውሸት አለመኖሩ ነው። ሁሉም ከአፌ የወጣ ነው።

«መሣሪያ» ከሚለው ፊት «እንጨት መቅረጫ» የሚል ይግባ አልኩ።

«ያው ነው እኮ።»

«ያው ከሆነ ይግባ።»

አላስገባም። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ኤዶ ፊቴን አይታ የፍራሹን ግማሽ ለቀቀችልኝ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልጠራኝም። አንድ ቀን ዕቃሽን ያዢ ተባልኩ፣ ወጣሁ። አምነውኝ ይሁን ሰልችቻቸው፣ እስካሁን አላውቅም። ብዙ አስቤበታለሁ፤ አንዳንዴ እነሱም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ኮምፒዩተሩም ጎኑ ላይ የማስረጃ ቁጥር ያለበት ወረቀት ተለጥፎበት ተመለሰ። አሁን ብናኝ ለብሶ በር ይቀርጻል፤ አያስትም። አለቃዬ «መሣሪያ» የሚለውን ቃል ፈርቶ ስልክ ላይ «ነገርዬው ዘይት ይፈልጋል» ብሎ ይጽፍልኛል። እኔ ስመልስ «የእንጨት መቅረጫ መሣሪያው» ብዬ ሙሉውን እጽፋለሁ። ይረዝማል። ጣቴ ችኩል ነው፤ እንጨቷን ግን ታግሶ ይጽፋታል።