ያዢው! እንዳትለቂው!

ዛሬ ሸዋ ሮቢት፣ ከአሮጌው ፒክአፓችን ስር ተጋድሜ «ያዢው! እንዳትለቂው!» ብዬ ስጮህ ባለቤቴ መሪው ላይ ተደፍታ በሳቅ ፈረሰች።

የእማዬን ታሪክ ታውቃለቻ!

በደርግ ጊዜ ነው። አባዬ የዚችኑ መኪና የፍሪሲዮን ፖምፓ ቀይሮ ከዘይት መስመሩ አየር እያስወጣ ነበር። በማግስቱ የጣርማ በርን ዳገት መውጣት ነበረበት።

እሱ ከስር የአየር ማስወጫውን ቡሎን ሲፈታ እማዬ ፔዳሉን ረግጣ ትይዛለች። ቡሎኑ ሳይጠብቅ ከለቀቀች አየሩ ተመልሶ ይገባል።

«ያዢው! እንዳትለቂው!»

በመንገድ የሚያልፍ አብዮት ጥበቃ ይህን ሲሰማ ሌባ የተያዘ መስሎት ጠመንጃውን ደግኖ ግቢያችን ዘው አለ።

«እጅ ወደ ላይ!»

እማዬ ሁለት እጇን ሰቀለች። እግሯን ግን ንቅንቅ አላደረገችም።

«ሌባው የታለ?»

«ኧረ ጓድ፣ አየር ነው!» አለ አባዬ ከስር።

(በዚያ ዘመን ሳይታሰር የወጣው አየር ብቻ ሳይሆን አይቀርም።)

ሰውየው ነገሩ ሲገባው ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ለፍሪሲዮኑ የፍሬን ዘይት ሲጨምርላቸው አመሸ።

አባዬ እስኪሞት ድረስ «እኔ የማምነው የእሷን እግር ነው» ይል ነበር።

የኔዋ ግን ጠመንጃ ሳይደገንባት በሳቅ ብቻ ፔዳሉን ለቀቀችው! እንደ አዲስ ጀምረናል።

እስቲ ንገሩኝ፣ የእናንተ እናትስ «እንዳትለቂው» ተብላ ያልለቀቀችው ምን ነበር?