የእትዬ ጤናዬ ቮልስ እና የጠፋው ተራ

በሰባዎቹ ዓመታት አየር ጤና በነበረ አንድ ጋራዥ፣ ጠዋት ጠዋት ከመለዋወጫ ክፍሉ መስኮት ሥር ቮልስ ሲነሣ ድምፁ የልብስ ስፌት መኪና ይመስል ነበር፤ እኩል፣ ደረቅ፣ የማይቸኩል። ከመስኮቱ ወዲያ ካንዴላ፣ ቺንጊያና ሌላም መለዋወጫ እየመዘገቡ የሚያወጡት እትዬ ጤናዬ ነበሩ። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሠሩ መፍቻ አንሥተው አያውቁም፤ ተጠግኖ የወጣው መኪና ሁሉ ግን ከጆሯቸው ሥር ተነሥቶ ነው የሄደው።

ኋላ በላባቸው አንዲት አመድማ ቮልስ ገዙ። እሑድ እሑድ ከቤቴል ሦስት አቅመ ደካማ እናቶችን ጭነው ቸርች ያደርሱባታል።

ባለፈው ጥቅምት ልጃቸው ራዕይ የዓመት ፈቃድ ወጣ። ራዕይ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ሁለት የቶዮታ ሞተር ከፍቶ ከገጠመ ወዲህ ግን ራሱን ከመካኒክ ይቆጥራል።

«እማ፣ ቮልሷን ሰርቪስ ላድርግልሽ?»

«ምን ሆነች ብለህ?»

«ምንም። ቆሽሻለች።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ፈታ፣ በቤንዚን አጠበ፣ መልሶ ገጠመ። መኪናዋ መነሣቱንስ ተነሣች፤ ግን ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጥ፣ በጭስ ማውጫ ማርሚታዋ ትተኩስ ጀመር። ዓለም ባንክ ሰፈር ዳገት ላይ ስትቆም፣ ከኋላ የነበረው የታክሲ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «እናት! ወርደው ቢገፏት ይሻላል!» አለ። ከዚያ በኋላ ሦስት እሑድ እናቶቹ ቤት ዋሉ።

ራዕይ እሳት የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ቀየረ፤ ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ አጠበ። ወይ ፍንክች! ሲሰለቸው፣ አሮጌ መኪና ገዝተው በየብልቱ የሚሸጡትን አቶ ማኑሄን ይዞ መጣ። እኔም ጎረቤት ነኝና ለውሉ ምስክር ተጠራሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳሎን ተቀመጥን። አቶ ማኑሄ ወረቀቱን ወደ እትዬ ጤናዬ ገፋ አደረጉት።

«እናቴ፣ ዕድሜዋን ጨርሳለች። ሰውም ያረጃል፣ መኪናም ያረጃል። ይፈርሙልኝ።»

እትዬ ጤናዬ እስክሪብቶውን አነሡ። በዚህ መሀል ራዕይ መኪናዋን ወደ በሩ ሊያስጠጋ ደጅ አስነሣት። እጃቸው ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ይኼ የእርጅና ድምፅ አይደለም» አሉ።

«ታዲያ የምን ነው?» አሉ አቶ ማኑሄ።

«ተራ የጠፋበት ድምፅ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀምጠው፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘው ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ ክዳኑን ከፍተው በጣታቸው በቀኙ የጭስ ቱቦ ላይ ውሃ ረጩ። ጭስስ! አለ። በግራው ላይ ረጩ። ውሃው ዝም ብሎ ወረደ።

«አየህ ራዕይ፣ በቀኝ ያሉት ሁለቱ ሲሊንደሮች ይሠራሉ። በግራ ያሉት እንደ እናንተ መሥሪያ ቤት ሰዎች ቁጭ ብለዋል።»

«ካንዴላ እኮ ቀይሬያለሁ፣ እማ!»

«ካንዴላውን ተወው። የካንዴላ ገመዶቹን ስትመልስ ተራቸውን በምን አወቅህ? እያንዳንዱ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ቁጥር ነበር።»

ራዕይ ራሱን አከከ። «ከቆሻሻው ጋር ታጥቦ ሄደ። ያው የታወቀ ነው ብዬ… አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት።»

«እሱማ የቶዮታ የእሳት ተራ ነው! ቮልስ አንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ነው የምትለው። በዚህ የተነሣ ስንት ተለማማጅ ሲሰደብ በመስኮት ሰምቻለሁ። አጥፋ!»

ሞተሩ ጠፋ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጃቸው ሁለት ገመድ ነቅለው አቀያየሩ።

«አስነሣ!»

መጀመሪያ አጉረመረመች፤ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ ከዚያ ረጋች። ብርጭቆውን ጣሪያዋ ላይ ቢያስቀምጡት ውሃው እምብዛም አልተነቃነቀም። ራዕይ እናቱን አቅፎ ሊስም ሲል «በግሪስ እጅህ አትንካኝ!» ብለው መሪውን ያዙ፤ እኛም ገባን።

ያንን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣነው። አንድ ሚኒባስ ቀደምን።

«እማ፣ ኧረ ቀስ!» አለ ራዕይ ከኋላ ሆኖ።

«ሦስት እሑድ ቀስ ብያለሁ!»

ስንመለስ አቶ ማኑሄ እዚያው ሳሎን ነበሩ፤ ሻያቸው ቀዝቅዟል። የሞተሩን ድምፅ በመስኮት ሰምተው ኖሮ እስክሪብቶውን ኪሳቸው መልሰዋል።

«ነገ እናቶቼን ቸርች አደርሳለሁ» አሉ እትዬ ጤናዬ እጃቸውን እየጠረጉ። «እርስዎም ከፈለጉ ይምጡ፤ መሀል ላይ ጠበብ ብለው ይቀመጣሉ።»

አቶ ማኑሄ ያልተፈረመውን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ኮፍያቸውን አነሡ፤ «ደህና ዋሉ» እንኳ ሳይሉ በመካከላችን አልፈው ወጡ።