«የአሰልጣኝ ድምፅ» ያልነው ሕመም

መጀመሪያ የሄደው ድምፄ ነው። የቆቦ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድናችን ወደ ፕሮፌሽናል ሊጉ ለመግባት በሚዘጋጅበት ሰሞን፣ ከልምምድ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ። ሹፌሩ አልሰማኝም፤ ወደ ሮቢት መውጫው ድረስ ይዞኝ ሄደ። ስቄ ወረድኩ።

እኛ ቡድን ውስጥ የአሰልጣኝ ድምፅ መዘጋት እንደ ማዕረግ ነበር። ቡድኑን የመሠረቱት ጋሽ መሐመድ፣ ከብረት በያጅ ጋር ሆነው የመጀመሪያውን የቅርጫት ቀለበት ያቆሙት የስፖርት መምህር፣ ድምፃቸው ከተዘጋ ከዓመት በላይ ሆኖ ነበር። ጡረታ ወጥተው እንኳ ከጎኔ ተቀምጠው ምክራቸውን ጆሮዬ ሥር ያንሾካሹኩልኝ ነበር። የእኔም ድምፅ ሲሻክር ተጫዋቾቼ አጨበጨቡ።

«ኮች ዘሃራ፣ አሁን ገና ኮች ሆንሽ!»

ወላሂ ኮራሁ!

ከዚያ መዋጥ አመመኝ። ከሳሁ። ሌሊት አንሶላዬ በላብ ይርስ ጀመር። በቆቦ ሙቀት ላቡን ማን ልብ ይለዋል? ምራቄን መዋጥ ሲያቅተኝ ግን ወልድያ ሄድኩ።

ሐኪሟ በአፍንጫዬ ቀጭን የካሜራ ቱቦ አስገባች። ላሪንጎስኮፒ ይባላል። የድምፅ አውታሬ ቆስሏል። አክታዬ ጂን ኤክስፐርት በሚባል መሣሪያ ተመረመረ።

«የጉሮሮ ቲቢ ነው፤ ሳንባሽም ላይ አለ» አለችኝ። «መድኃኒቱን ካላቋረጥሽ ትድኛለሽ። አብረውሽ የሚውሉት ሁሉ ግን ይመርመሩ። በትንፋሽ ይተላለፋል።»

ልጆቼ! ፊታቸው ላይ ነው የምጮኸው። የራሴን ሕመም ረሳሁት። አንዷን እንኳ አስይዣት ከሆነስ? ያን ሰሞን እህል አልወረደልኝም።

ሁሉም ማሊያቸውን እንደለበሱ ተመረመሩ። ጋሽ መሐመድንም እየጎተቱ አመጧቸው። ውጤቱ ሲመጣ ልጆቹ በሙሉ ነፃ! «አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ጮኽኩ፤ የወጣው ግን ትንፋሽ ብቻ ነበር። በማስኬ ላይ እንባዬ ወረደ።

ነርሷ ቀጥላ ጋሽ መሐመድን ጠራች። እሳቸው ነፃ አልነበሩም።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «አይ ልጄ፣ ቡድኑን ሳስረክብሽ ይሄንንም መርቄልሻለሁ ማለት ነው!» ብለው አንሾካሾኩ። «አብሽሪ፣ መድኃኒቱን አብረን እንውጣለን።»

አብረን ዋጥን። ሪፋምፒሲን የሚባለው ሽንታችንን የብርቱካን ጭማቂ ሲያስመስለው በድንጋጤ ተደዋወልን፤ ለካ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ሐኪሟ «ከእንግዲህ አታስተላልፉም፣ ድምፃችሁን ግን አሳርፉ» ስትለን ሜዳ ተመልሰን፣ እኔ በጭብጨባና በእጅ ምልክት ማሰልጠን ጀመርኩ፣ ልጆቹም የእኔን ጩኸት መጠበቅ ትተው እርስ በርስ መጠራራት ለመዱ፣ እንዲያውም ያን ጊዜ ነው ቡድን የሆኑት ብል አላጋነንኩም። የመድኃኒቱን ስድስት ወር አንድም ቀን ሳንዘል ጨረስን፣ ክብደቴም ተመለሰ፣ አንድ ጠዋት ከቤቴ በር ላይ በገዛ ድምፄ ባጃጅ ጠርቼ ሹፌሩ ሲቆምልኝ በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም።

የማጣሪያው ጨዋታ ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ እየመራን ኳሱ በእንግዳው ቡድን እጅ ነበር። ከጎኔ አንድ ቀጭን ድምፅ «ወደ ኋላ! ቀለበቱን ዝጉ!» ብሎ ሜዳውን ሰነጠቀው። ተቀያሪዎቹ ማን እንደሆነች ለማየት ዞሩ። ጋሽ መሐመድ ነበሩ! አብዛኞቹ ወደ ቡድኑ ሲመጡ ድምፃቸው ተዘግቶ ስለነበር፣ ድምፀ ጎርናና ሰው አድርገው ነበር የሚያስቧቸው። ልጆቹ ቀለበቱን ዘጉ፣ ኳሱን ነጠቁ፣ ሊጉ ውስጥ ገባን! እኔ ግን የማለቅሰው ስለ ሊጉ አልነበረም።

ለሐኪሟ፣ ለነርሷ፣ መድኃኒቴን ስውጥ እያየች ላልተለየችኝ እናቴ አላህ ይስጥልኝ። ዛሬ በዚህ ሕመም ውስጥ ላላችሁ፦ ይዳናል፣ ተሽሎኛል ብላችሁ ብቻ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ድምፃችሁ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በላይ ከተዘጋ አቧራው ነው፣ ጩኸቱ ነው አትበሉ፤ ተመርመሩ። አጠገባችሁ ድምፁ የሚሻክር ሰው ካለም እየጎተታችሁ ውሰዱት። እኛ የጋሽ መሐመድን ድምፅ ሳንሰማው ልንቀብራቸው ነበር።