በደቂቃ ሠላሳ ዙር

ነሐስ በቶርኖ ማሽን እየዞረ ሲቀረጽ ይሸታል። ጨው ጨው የሚል፣ የሞቀ ዘይት የተቀላቀለበት፣ ከአፍንጫ አልፎ ምላስ ላይ የሚቀመጥ ሽታ ነው። በ1976 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ፣ ያ ሽታ ከማንም ይልቅ የጣፈጠው ለቶርኖ ሠራተኛው ለበዛብህ ነበር። ለባቡር ያልሆነ ዕቃ ሲቀርጽ የመጀመሪያው ነውና ልቡ እንደ ሌባ ልብ ይመታል። አለቃው አየው፤ እንዳላየም ሆኖ አለፈ።

የቀረጻት ነገር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፑሌጃ ነበረች፤ የሸክላ ማጫወቻ ሞተር ላይ ተቀምጣ ቺንጋውን የምታዞር። ማጫወቻውን የሰጠው ጎረቤቱ የነበረ ግሪካዊ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ከተማውን ለቆ ሲሄድ ከአሥራ ሁለት የክላሲካል ሸክላዎች ጋር አሸከመውና «ማሽኑ ዛሬውኑ ይገባሃል፤ ሙዚቃው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚገባህ» አለው። ዳሩ ግን ማጫወቻው ሁለት በጋ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከርሞ ነበር። የፕላስቲክ ፑሌጃው ለስልሶ፣ በመጨረሻም ተሰንጥቆ ነበር። በዛብህ ስባሪዎቹን ገጣጠመ፣ ደጋግሞ ለካ፣ ከዚያ በነሐስ ቀረጸ። ከሥራ ወጥቶ ገጠማት፤ መርፌውን አሳረፈ። አንድ ቼሎ ብቻውን መጫወት ጀመረ፤ ትልቅ ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ፣ ወንበር ስቦ፣ ሳይቸኩል ማውራት የጀመረ መሰለው።

ግሪካዊው እውነቱን ነበር፤ ሙዚቃው ቀስ ብሎ ገባው። ሲገባው ደግሞ ብቻውን መስማት አልሆንልህ አለው። ከዚራ ሰፈር ያለው ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ የአድማጮች ቤት ሆነ። አንድ ጊዜ ዘጠኝ ሰዎች ደርሰው ነበር፤ የባቡር ሰዎች፣ አንድ መድኃኒት ቀማሚ፣ አንድ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር። ሥርዓቱም እንዲህ ነበር። የአንድ ሙዚቃ ሁለት ቀረጻ ይቀርባል፣ አንዱ ከበዛብህ ሸክላ፣ ሌላው ከአንዱ አድማጭ ካሴት፤ ሁለቱም በዝምታ ይሰማሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ከሮቃ ዛፍ የተለቀመች አንዲት ፍሬ ከሁለት ብርጭቆዎች ወደ አንዱ ይጥላል፤ የጣለበትንም ምክንያት ይናገራል። ያለ ምክንያት የተጣለች ፍሬ አትቆጠርም። የሸክላዎቹ ጽሑፍ በግሪክ ፊደል ስለ ነበር ሙዚቃዎቹን ራሳቸው ስም አወጡላቸው። ያቺን የቼሎ ሙዚቃ «መበለቷ» አሏት፤ ሰው ፊት የማታለቅስ መበለት ትመስላለችና።

ለመበለቷ ተወዳዳሪ ይዞ የመጣው ሰማታር ነበር። ሰማታር የባቡር ቲኬት ተቆጣጣሪ፣ ረጅም፣ እስከ ዛሬም ሸሚዙን ሳያስተኩስ ከቤት የማይወጣ ሽቅርቅር ነው። ጅቡቲ ያለ አጎቱ ከሸክላ ገልብጦ የላከለት ካሴት ነበረው፤ ላዩ ላይ «ቼሎ» ከሚል የእጅ ጽሑፍ በቀር ምንም የለበትም። ሙዚቃዋ ያቺው ነች፤ ተጫዋቹ ግን የተለየ መሰላቸው። የሰማታሩ ፈጠን፣ ቀጠን ይላል። የበዛብህ ዝግ፣ ወፈር ይላል። ከመካከለኛው ክፍል በፊት ተጫዋቹ ትንፋሽ ሲስብ በሁለቱም ላይ ይሰማል፤ በዚያች ትንፋሽ ብቻ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተከራከሩ።

«የኔ ሰውዬ ሽማግሌ ነው፤ ሚስቱን ቀብሯል» ይላል በዛብህ።

«የኔ ወጣት ነው፤ ገና ሊያገባ ነው» ይላል ሰማታር።

ጊዜው ሄደ። ግማሾቹ አድማጮች ሞቱ፣ ግማሾቹ ከተማ ለቀቁ። ዘንድሮ የቀሩት ሁለቱ ሽማግሌዎችና ከዓመት በፊት የተቀላቀለችው የፊዚክስ መምህርቷ ኑኃሚን ናቸው። እሷ ሁለቱንም «እርስዎ» ትላለች፤ ሰማታር ደግሞ «በድሬ እርስዎ የሚባል ሰው የለም፤ እንዲህ ስትዪኝ ሌላ ሰው ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል» እያለ ያስቃታል።

ነገሩ የተበላሸው ከአንድ ወር በፊት ነው። መበለቷን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ እንደገና አወዳድረው ነበር።

«ወላሂ በዛብህ፣ ይሄ ሰውዬህ ታሟል» አለ ሰማታር። «ቀስቱን መጎተት አቅቶት እኮ ነው! ትንፋሹ ራሱ የሰው ትንፋሽ አይመስልም።»

በዛብህ መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሣ። ሰው የሚመልሰው ሲያጣ ደግሞ የሚወረውረው አያጣም። «ሃያ ስምንት ዓመት ፊሽካ የጮኸበት ጆሮ ስለ ትንፋሽ አይፈርድም!» አለው።

ኑኃሚን ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። ሰማታር ግን አልሳቀም። የግራ ጆሮው ከዓመት ወዲህ መድከሙን ለአንድ ሰው ብቻ ነበር የነገረው፤ ያም ሰው በዛብህ ነበር። ካሴቱን ከቴፑ አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቅዳሜ አልመጣም። በዛብህ ስልክ ደወለ፤ አልተነሣም። ሌሎቹን ሁሉ ሞትና መንገድ ወስዷቸዋል፤ ይሄን ግን የወሰደው የገዛ አንደበቱ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ ኑኃሚን ብቻዋን መጣች። «ጋሼ፣ መበለቷን ኢንተርኔት ላይ አገኘኋት» ብላ ስልኳን ባዶ ጣሳ ውስጥ አቆመች፤ ድምፁ እንዲጎላ ነው። በዛብህ አዳመጠ።

«ይሄ የሰማታር ሰውዬ ነው» አለ። «ወጣቱ።»

«አዎን። ግን ትንፋሹ ከመምጣቱ በፊት ወንበር ሲጢጥ ይላል፤ ሰሙት? በእርስዎ ሸክላ ላይም አለ።» ስልኳን ከጣሳው አወጣች። «ጋሼ፣ ሸክላው በደቂቃ ስንት ጊዜ ነው መዞር ያለበት?»

«ሠላሳ ሦስት ከሲሶ።»

«ቆጥረውት ያውቃሉ?»

በዛብህ ሊስቅ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲያዞር የኖረን ሰው ስለ ዙር መጠየቅ! እሷ ግን ቁራጭ ወረቀት በሸክላው ጠርዝ ላይ ለጠፈች። ሰዓቱን አውልቆ ፊቱ አስቀመጠና ቆጠረ። ሠላሳ። እንደገና ቆጠረ። ሠላሳ። በሦስተኛው ቆጠራ ከንፈሩ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

«ዝግ ብሎ ሲዞር ድምፁም ይወፍራል» አለች ኑኃሚን ቀስ ብላ። «ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው።» ወረቀቱን ከሸክላው ጠርዝ እየላጠች «ለጋሽ ሰማታር የግድ መንገር የለብዎትም እኮ፤ ከእኔና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም» ብላ ጨመረች።

እሱም አስቦት ነበር፤ ምን ይደበቃል! አዲስ ፑሌጃ ገጥሞ «ሸክላው ታጠበና ተሻሻለ» ቢል ማን ያውቅበታል? ግን ሰማታር ጆሮዬ ሞተ ብሎ ቤቱ ተቀምጧል። ያ ጆሮ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት እውነቱን ሲናገር ኖሯል።

ሰኞ የሹክሪ ጋራዥ ሄዶ ቶርኖ ለመነ። ነሐሱን አሥሮ ማሽኑን አስነሣ። አዲሷን ፑሌጃ ሁለት ጊዜ ሞረዳት፤ ወረቀት ለጥፎ እየቆጠረ፣ ሠላሳ ሦስት ከሲሶ እስኪሞላለት ድረስ።

ማክሰኞ አሮጌዋን በመሐረብ ቋጥሮ በባጃጅ የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ተሻገረና መጋላ ሰፈር ሰማታር ቤት ደረሰ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ሃሊሞ ናት።

«አቦ፣ ግባ! ቅዳሜን ቤት መዋል ከጀመረ ወዲህ የድስት አከዳደን እያስተማረኝ ነው። በአላህ ውሰድልኝ!»

ሰማታር ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ቀና አላለም። በዛብህ በቀኝ በኩሉ፣ ደህናው ጆሮ ባለበት፣ አጠገቡ ተቀመጠ። ሰላምታም ሳያበዛ ፑሌጃዋን መዳፉ ላይ አኖረለት።

«ምንድን ናት?»

«ሽማግሌው ሰውዬ ናት። ሚስቱንም አልቀበረ፣ አልታመመም። ሸክላዬ በደቂቃ ሠላሳ ሦስት መዞር ሲገባው ሠላሳ ነው የሚዞረው። አርባ ዓመት ሙሉ። ያንተ ካሴት ላይ ያለውም እሱ ራሱ ነው፤ ትንፋሹም አንድ ትንፋሽ ነው። ጆሮህ ልክ ነበር።»

ሰማታር ፑሌጃዋን በጣቶቹ መካከል አዟዟራት።

«ድገመው።»

«የቱን?»

«የመጨረሻውን።»

«ጆሮህ ልክ ነበር።»

«በዚህ በኩል ዞረህ ንገረኝ» አለና የግራ ጆሮውን አቀረበ።

በዛብህ ተነሥቶ ዞረ። «ጆሮህ ልክ ነበር!» ብሎ ጮኸ። ግቢው ሁሉ ሰማ። ሃሊሞ ከጓዳ «ምን ሆናችሁ?» ስትል ሰማታር ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ሲስቅ ሳል ያዘው፤ ሲስል እንደገና ሳቀ።

«ዋርያ አንተ፣ የምድር ባቡር አንደኛው ቶርኖ ሠራተኛ እንዴት ተሳሳተ?»

«የለካሁትስ ልክ ነበር። የለካሁት ዕቃ ነው የቀለጠው። ቺንጋው ወገቡን ጨምቆ አቅጥኖት ኖሯል፤ እኔ ያንኑ በታማኝነት ገለበጥኩት።»

«በል እንግዲህ የድሬ ፀሐይ ናታ ያታለለችህ!»

«ፀሐይዋን አትክሰስ። መቁጠር ነበረብኝ፤ አልቆጠርኩም። ያንን ቃልም መናገር አልነበረብኝም።»

ሰማታር ፑሌጃዋን በመሐረቡ መልሶ ቋጠረና እጁ ላይ አኖረለት። በዛብህ «ቅዳሜ ትመጣለህ?» ሲለው ግን ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«መጥቼ ምን ልሠራ? አንድ ሰው ከሆኑ ምን እንከራከራለን?»

በዛብህ መሐረቡን ኪሱ ከትቶ ወጣ። ይቅርታ ሊያመጣ ሄዶ የክርክሩን መሠረት ንዶ የተመለሰ መሰለው። ድልድዩን በእግሩ ነው የተሻገረው፤ ከሥሩ የወንዙ አሸዋ ደርቆ ይታያል፤ ፍየሎች ይሄዱበታል።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ሆነ፤ ሰማታር የለም። አሥር ተኩል ሲል ኑኃሚን ሰዓቷን ሳትታይ ለማየት ሞከረች። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን በሩ ተንኳኳ። ሰማታር በላብ ርሶ፣ በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው ከረጢት ሙሉ ካሴት ይዞ ገባ።

«አስቤበት ነበር» አለ ገና ሳይቀመጥ። «በዚህ ሰው ማሽን ላይ የሰማነው ሁሉ ተሽሯል! የቫዮሊኗ ፍርድ፣ የኦርጋኑ፣ የአራቱ ወንድማማቾች፣ ሁሉም። አሥራ ሁለቱም ሸክላዎች ከእነ ተቀናቃኞቻቸው በይግባኝ ይታያሉ።»

«የእርስዎ ቴፕስ ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለች ኑኃሚን።

«በዛብህ፣ ይህችን ልጅ ዝም አስብልልኝ!» አለ፤ ግን ደስ ብሎት ነበር። «ቁጠሪው። እሱም ይቆጠር። ሥራ አለብን።»

አዲሷ ፑሌጃ ተገጠመች። በዛብህ መርፌውን ሲያሳርፍ አብሮት አርባ ዓመት የኖረው ሚስቱን የቀበረ ሽማግሌ ከክፍሉ ወጣ፤ በምትኩ ቀጥ ያለ፣ ዓይኑ የሚያበራ ጎልማሳ ገብቶ ተቀመጠ። አዘነም፣ ደስም አለው። «መልከ መልካም ነው ለካ» አለ ሲያልቅ፤ ሰማታርም ልጁ እንደ ተመሰገነለት አባት አንገቱን ነቀነቀ።

«አሁን አሮጌዋን መልሳት።»

«አሮጌዋን? ለምን?»

«ልስማው። ስከራከር ነው እንጂ ሰምቼው አላውቅም።»

በዛብህ ፑሌጃዋን ቀየረ። ቼሎው ወፍሮ፣ ዝግ ብሎ ተነሣ። ሰማታር ቀኝ ጆሮውን ወደ ማጫወቻው አዘንብሎ ሁለት እጁን ዱላው ላይ አነባበረ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ያ ረጅም ትንፋሽ መጣ፤ የሰማታርም ትከሻ አብሮ ከፍ ብሎ ወረደ። ኑኃሚን ወደ በዛብህ ተመለከተች፤ እሱ ዓይኑን ከሚዞረው ሸክላ አልነቀለም። ሙዚቃው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሰማታር ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ከረጢቱን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይግባኝ ወንበሩ ሥር እንደ ተቀመጠ ተወው፣ ደህና ዋሉም ሳይል ወጣ።