ልጓም የሌለው ስጦታ

«ኮምፒውተሩ ካልበራ ጣቴን ምን ላድርገው ብዬ ኪቦርዱ ላይ አስቀምጣለሁ?» አልኳቸው ርዕሰ መምህሩን።

«ለፎቶ ነው። ሰጪዎቹ መንገድ ላይ ናቸው፤ የምትጽፊ ምሰይ።»

«የኤሌክትሪክ ገመዶቹስ ቲቸር?»

«ቢሮዬ ቆልፌባቸዋለሁ። ብታበላሹት የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ዛሬ እንጅባራ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት በረንዳ ላይ፣ ለትምህርት ቤት ሊሰጡ የተደረደሩ አሮጌ ኮምፒውተሮች ሳይ ያ ክርክር ትዝ አለኝ። ያኔ ዳንግላ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ለእኛም አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሲገዛ አሮጌዎቹን ሰጥቶን ነበር። የተቀመጡበት ክፍል እርጥብ ሲሚንቶና አቧራ ይሸት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ስለ ኮምፒውተር ከሰሌዳ ስንገለብጥ ቆይተን ኪቦርድ ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር። የማላውቀው ሰው ጣት አንዳንዶቹን ፊደላት አጥፍቷቸው ነበር።

የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ አለኸኝ ጥግ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ሲሰሙ ቆዩ።

«እኔ ፈረስ ሰጥቼ አውቃለሁ» አሉ። «ልጓሙን ቤቴ አስቀርቼ ግን አላውቅም።»

እንደ እኔ በየኮምፒውተሩ ፊት የተደረደሩት ተማሪዎች ሳቁ። ርዕሰ መምህሩ አልሳቁም።

«አያ፣ ይኼ እኮ ፈረስ አይደለም።»

«እሱስ ልክ ነዎት። ፈረስ ቢሆን ረግጧችሁ ይወጣ ነበር።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ትቀመጫለሽ ወይስ ትወጫለሽ? ከወጣሽ የተግባር ትምህርቱ ሲጀመርም እዚህ ክፍል አትገቢም።»

በዚያ ዕድሜዬ ያን ማሽን የመክፈትን ያህል የተመኘሁት ነገር አልነበረም። ውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ፤ እንግዶቹ ደርሰዋል። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ፣ በወንበሮቹ መካከል አልፌ ወጣሁ፣ በሩንም ከኋላዬ ዘጋሁት።