ከምሳ በፊት ሰውኛ ዘይቤ

ባለፈው ሳምንት የተለዩን አጎቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። በደርግ ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ፣ ከወደቅሁ አባቴ ሊድረኝ ቆርጦ ነበር። ያላጠናሁት የዘይቤ ዓይነቶችን ብቻ ስለነበር፣ ጣና ዳር ካለው ደብር አጎቴ ዘንድ ሄድሁ።

«ሰውኛ ዘይቤ ማለት ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ባሕርይ መስጠት ነው» ብዬ በቃሌ ወረድሁት።

«ይኸማ የመምህርሽ ነው። ያንቺስ?»

«የኔ የለኝም፣ የንታ።»

«እንግዲያ ሂጂና የራስሽን ምሳሌ ቁጠሪ። ሳትይዢ ብትመጪ ምሳ የለም።»

እንደ ቅኔ ተማሪዎቻቸው ብቻዬን ዋርካ ሥር ተቀምጬ ሳስብ ረፈደ። ተመልሼ፣ «ጣና ዛሬ አኩርፏል፤ ታንኳ መሸከም ሰልችቶታል» አልኋቸው።

«ይበል!» አሉ፣ ቅኔ ሲያምራቸው እንደሚሉት። «አሁን ደግሞ ግነት አምጪ።»

«ኧረ የንታ፣ በረሃብ ሞትሁ!»

ከት ብለው ሳቁ። «አመጣሻት! በይ ነይ ብዪ።»

ፈተናውን አለፍሁ፤ ጋብቻውም ቀረ። እዚሁ ባሕር ዳር አማርኛ ሳስተምር ደስ ብሎኝ ኖርሁ። ጥሩ ምሳሌ ባገኘሁ ቁጥር፣ ለተማሪዎቼ ከመንገሬ በፊት ለእሳቸው አሰማ ነበር።

ከቀብራቸው ስንመለስ አንድ ምሳሌ መጣልኝ። ቤት እስክገባ ይዤው ሄድሁ፤ ለማንም አልነገርሁም።