ከወንድሜ መስኮት ፊት ለፊት

እርጥብ ሲሚንቶ ሲሸተኝ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ከመማሪያ ክፍላችን ጀርባ ግንበኞች ሲሚንቶ ሲያቦኩ ሽታው በመስኮት ገባ። መምህሩ ፌኖሜኖሎጂ ስለሚባለው፣ ነገሮች ለሰው እንዴት እንደሚገለጡ ስለሚመረምረው ፍልስፍና እያስረዳን ነበር። «ስሜት የአእምሮ ጠላት ብቻ አይደለም» አለን። «ንዴት ሁልጊዜ ወደ አንድ ነገር ያመለክታል። የተናደደን ሰው ምን እንዳየ ጠይቁት።» እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አባቴን ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀውም ነበር።

አባቴ ከጎረቤታችን ጋር በግንብ የተጣላ ጊዜ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ነው። እናቴ ከወሎ ስለመጣች በቤታችን አማርኛ እንናገራለን። አባቴ መሬት ቀያሽ ነው። «ሜትር አያዳላም» ይል ነበር፤ እኔና ወንድሜ ስንጣላ እንኳ ዳቦውን ለክቶ ነበር የሚያስታርቀን።

ወንድሜ በጦርነቱ ጊዜ እንደወጣ አልተመለሰም። የሚያጠናበት ጠረጴዛ ግን ከምሥራቁ መስኮት ሥር ቀረ። አባቴ በየጠዋቱ እዚያ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል፤ ፀሐይዋ ወንድሜ ስሙን በጫረበት ጫፍ ላይ ታርፋለች። ስለዚህ ነገር ማናችንም አናወራም ነበር።

ከዚያ ጎረቤታችን ከመስኮቱ ፊት ለፊት ክፍል መገንባት ጀመረ። ልጁን ሊድር ነው። ልጁ የወንድሜ እኩያ ነው፤ ኳስ እየተጫወቱ አብረው ያደጉ። መዶሻው ከማለዳ ጀምሮ ድንጋዩን ይቀጠቅጣል፤ ግንቡ ከፍ ባለ ቁጥር ብርሃኑ ከጠረጴዛው ላይ ይሸሻል።

አባቴ በአጥሩ ላይ ይጮህ ጀመር።

«ድንበሬን ገፍተሃል! ሌባ!»

«ሌባ? ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አፍህን ሰብስብ!» አለ ጎረቤታችን፣ የእጁን ሲሚንቶ እያራገፈ። «ቀያሽ አይደለህ? ሜትርህን አምጣ እንጂ ምን ያስጮህሃል?»

«አመጣለሁ! በሽማግሌ ፊት አመጣለሁ!»

እኔም ጎረቤቱን ጠላሁት። ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዞርኩ። እናቴ ከሚስቱ ጋር ቧንቧ ላይ ስትገናኝ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ትመለስ ነበር።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። አባቴ የሥራ ሜትሩን አወጣ። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ጎረቤታችን ይዘው ከድንበሩ ድንጋይ ተነሥተው ለኩ። ግንቡ ጭራሽ ወደ ጎረቤታችን ግቢ ገባ ብሎ ነበር የተሠራው። ደግመው ለኩ።

«እንግዲህ የራስህ ሜትር ነው» አለ ጎረቤታችን፤ ሳቁንም አልደበቀም።

አባቴ ሜትሩን መሬት ላይ ወረወረው። «ይፍረስ! የተረገመ ግንብ ነው!»

«ምክንያትህን ንገረን» አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። ይኼኔ እናቴ ከበሩ ላይ «አቦይ፣ እስኪ ይግቡ» አለችና ሽማግሌውን ወስዳ ከወንድሜ ጠረጴዛ ጋ አስቀመጠቻቸው። ጎረቤታችንም ተከትሎ ገባ። በመስኮቱ የሚታየው ድንጋይ ብቻ ነበር። ሽማግሌው የተጫረውን ስም በጣታቸው ዳሰሱት። ጎረቤታችን ኮፍያውን አወለቀ።

በትክክል ገብቶኝ ከሆነ፣ መምህሩ ያለው ይህንን ነው። ሜትሩ ግንቡ የት እንደቆመ ነገረን፤ ምን እንደጋረደ ያየው የአባቴ ንዴት ነበር።

ፍርዱ ግን አልተለወጠም፤ ግንቡ እንዳለ ቀረ። አባቴ ለዕርቅ የተዘረጋውን እጅ ሳይጨብጥ ቀረ፤ ሠርጉም ላይ አልተገኘም። ከበሮው ሲመታ መስኮቱን ዘጋው።

ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን መስኮቱን ስንከፍት ግንቡ በእኛ በኩል በነጭ ኖራ ተቀብቶ አገኘነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዞራ ስትመታው ብርሃኑ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«ማን ቀባልኝ አለው?» አለ አባቴ። «ድፍረት!»

ሻዩን ግን ከሰዓት መጠጣት ጀመረ።

እስከ ዛሬ አይነጋገሩም። ባለፈው ቅዳሜ ቤት ስሄድ ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆሞ ጠራኝ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ለዚያ ኩሩ አባትሽ ንገሪው፤ ዝናቡ ያጠበውን ግንብ ሲቀባ ከላይ በኩል ዘሎታል።»

ገብቼ ነገርኩት። የአባቴ ሱሪ ጫፍ በኖራ ነጥቷል። ተነሣና «ነይ፣ መሰላሉን ያዥልኝ» አለኝ።

የመሰላሉ እግሮች ከድንበሩ ድንጋይ ወዲያ፣ በጎረቤታችን መሬት ላይ ቆሙ። ጎረቤታችን ከበሩ ላይ ያየን ነበር።